በፕሪም ዛፉ ላይ የታሰረ ክር

«ትናንት እዚህ ነበር፣ ዛሬ የለም። እኔ የማውቀው ይህንን ብቻ ነው» አሉ የሰርቨሩ ጠባቂ ጋሽ ኢልኮ፣ ባዶውን መደርደሪያ በአገጫቸው እያመለከቱ።

ኢንስፔክተር ዶብሪና ካራኮሌቫ ጎንበስ ብላ አየች። በአቧራው መሃል ትንሽ ሻንጣ የምታህል ንፁህ ቦታ ቀርታለች። ሰርቨሩ ለዓመታት ተቀምጦ ሲያጉረመርም የኖረው እዚያ ላይ ነበር። የጋብሮቮ ጨርቃ ጨርቅ ባለፋብሪካዎች ማኅበር ያለው አንድ ሰርቨር ነው፤ እሱንም በደህናው ጊዜ ተከራክሮ ነው በቅናሽ የገዛው። ዶብሪና ስልኩ ሲደወልላት ቁርሷን እየበላች ነበር። አይብ የተሞላው ባኒትሳዋ ግማሹ አሁንም በወረቀት ተጠቅልሎ ኮት ኪሷ ውስጥ አለ፤ ሆዷም ሐሳቡን ከዚያ ላይ አላነሳም።

«በሩ አልተሰበረም» አለ ሳጅን ፔንቾ፣ የምርመራ ረዳቷ።

«ለምን ይሰበራል? ቁልፉ አበባው ማሰሮ ሥር ነው» አሉ ጋሽ ኢልኮ።

«ይህንን ማን ያውቃል?»

«ከተማው በሙሉ። አንቺስ አታውቂም ነበር?»

ዶብሪና ታውቅ ነበር፤ ስለዚህ ጥያቄውን እንዳልሰማች ሆና አለፈችው።

«አንድ የገረመኝ ነገር ግን አለ» ሲሉ ቀጠሉ ሽማግሌው። «ሌባው የክፍሉን ማቀዝቀዣ ከግድግዳው ላይ አጥፍቶ ነው የሄደው። መብራቱንም እንደዚሁ። እኔ ያንን ማቀዝቀዣ እሁድ እንኳ አላጠፋውም። በመብራት ሂሳቡ ከሊቀመንበሩ ጋር ስንት ጊዜ እንደተናነቅን እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ሰርቨሩ ከሄደ ማቀዝቀዣው ለማን ብሎ ይሠራል?» አለች ዶብሪና። «ሌባችን ቆጣቢ ሰው ነው።»

በር አጠገብ ካለው ወንበር ላይ የለቅሶና የሳቅ ቅልቅል የሆነ ድምፅ ተሰማ። ኔቬና ናት፤ ለማኅበሩ ጥናት የሠራችው ወጣት ተመራማሪ። ዓይኗ ቀልቷል፣ መሐረቧ ርሷል።

«ነገ እኩለ ቀን ላይ የትምህርት ሚኒስቴር ሰዎች ከሶፊያ ይመጣሉ» አለች። «የተማሪዎቹ መልስም፣ እኔ የሠራሁት ትንታኔም እዚያ ሣጥን ውስጥ ነው። ተማሪዎች ስለ ጨርቃ ጨርቅ ሥራ ምን እንደሚያስቡ፣ ፋብሪካዎቻችን እያንዳንዳቸው አሮጌ ሰርቨር ከሚያስታምሙ በኢንተርኔት ላይ ያለውን ‹ደመና›፣ ክላውድን፣ በጋራ ቢጠቀሙ ምን እንደሚያተርፉ፣ ሁሉም። ነገ ካላቀረብኩ የሙያ ትምህርት ቤቱ የሽመና ክፍል ዘንድሮ ይዘጋል። በቃ፣ ለዘለዓለሙ። እኔን ያሳደገኝ ክፍል ነው እኮ!»

«ቅጂ የለሽም?»

«ለልጆቹ መልሳችሁ ከማኅበሩ ግቢ አይወጣም ብዬ ቃል ገብቻለሁ።»

«ቃልሽ መልካም ነበር። ሣጥኑ ግን ቃል አልገባም» አለች ዶብሪና፤ ወዲያው ግን የልጅቷ ፊት አንጀቷን በላውና ትከሻዋን ጨበጥ አደረገቻት። «ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ። እስከ ነገ ቀትር እናገኘዋለን።»

ፔንቾ ዞር ብሎ አያት። እሱ ከዶብሪና ጋር በሠራበት ዘመን ሁሉ ለማንም እንዲህ ያለ ተስፋ ስትሰጥ ሰምቶ አያውቅም።

*

የኋላው በር ወደ ጠባብ ግቢ ያወጣል። ግቢው ዙሪያውን ግንብ ነው፤ ወደ መንገድ የምታስወጣው አንዲት የብረት በር ከውስጥ በመቀርቀሪያ ትዘጋለች። አሁን መቀርቀሪያው ተነሥቷል። ሌባው ከፊት ገብቶ በዚህ በኩል መውጣቱ ግልፅ ነው።

በግቢው መሃል የፕሪም ዛፍ አለ። ትናንት ማምሻውን ሞቅ ያለ ነፋስ ነፍሶ ኖሮ ዛፉ ከላይ እስከ ታች አብቦ ነጭ ሆኗል። ከዝቅተኛዎቹ ቅርንጫፎች በአንዱ ላይ ደግሞ ቀይና ነጭ ክር ታስሯል። ማርቴኒትሳ ነው።

ማርች ሲብት ሁላችንም ይህን ክር አንጓችን ላይ እናስራለን፤ ያበበ ዛፍ ወይም ሽመላ እስክናይ ድረስ አናወልቀውም። ያየን ቀን ፈትተን ዛፉ ላይ እናስርና ምኞት እንመኛለን። ለጤናም ለዕድልም ይሆናል፤ ደግሞም ከክፍያ ነፃ ስለሆነ በቁጠባዋ በምትታወቀው ጋብሮቮ ውስጥ ማንም አይዘነጋውም።

«ይሄ ትናንት ነበረ?» ስትል ጠየቀች ዶብሪና።

«የለም!» አሉ ጋሽ ኢልኮ። «ትናንት ዘግቼ ስወጣ ዛፉ ገና እምቡጥ ነበር። እኔ ራሴ እኮ እስኪያብብ እየጠበቅሁት ነው።» እጃቸውን ዘረጉ። የሳቸው ክር በማሽን ዘይት ጠቁሮ ቀዩ ከነጩ አይለይም።

ፔንቾ ራሱን አከከ። «ሌባው ሰርቨር ተሸክሞ፣ እዚህ ቆሞ፣ ክሩን ፈትቶ፣ አስሮ፣ ምኞት ተመኘ እያልሽኝ ነው?»

«እናትህ ያበበ ዛፍ አይታ ሳታስር ታልፋለች?»

«እሷ ቀርቶ እኔም አላልፍም።»

«ታዲያ!»

ኔቬና ጠጋ ብላ ክሩን አየችው። ጣቷን ቋጠሮው ላይ አሳለፈችና ሳታስበው «ይሄ እኮ የኛ ቋጠሮ ነው» አለች። «የሸማኔ ቋጠሮ። ድር ሲበጠስ የምንቀጥለው እንዲህ ነው፤ ጠፍጣፋ ስለሆነ በማበጠሪያው ጥርስ መሃል ያልፋል።» ይህን ካለች በኋላ ምን እንዳለች ገባትና አንጓዋን ወደ ዶብሪና ዘረጋች። በእስክሪብቶ ቀለም የተዥጎረጎረ ክሯ እዚያው አለ። «እኔ አይደለሁም!»

«አንቺ ነሽ አላልኩም» አለች ዶብሪና።

መንገድ ላይ ፔንቾ መነጫነጭ ጀመረ። «እኔ ግን ጋሽ ኢልኮን ነው የምጠረጥረው። ክላውድ ሲመጣ ሰርቨር ጠባቂ ምን ይሠራል? ባለፈው ቡና ቤት ውስጥ ‹ደመናው ከመጣ እኔ ዣንጥላዬን ይዤ እወጣለሁ› ሲሉ ሰው ሁሉ ሰምቷቸዋል።»

«ጋሽ ኢልኮ የጫማቸውን ማሰሪያ እንኳ በፕላስተር ነው የሚያያይዙት። ቋጠሮ የት ያውቃሉ? ክራቸውም እጃቸው ላይ ነው።»

*

ፕላመን ከሶፊያ የመጣ የክላውድ ሻጭ ነው። ፀጉሩ ቅባት፣ ጫማው ሹል። ሆቴሉ በር ላይ የደረሱ ጊዜ ባለቤቲቱ ቀድማ ያዘቻቸው።

«በሱ ጉዳይ ነው የመጣችሁት? እሰሩልኝ!» አለች። «ትናንት ከቀትር እስከ ማታ እዚያ ሳሎን ተቀምጦ ለባለፋብሪካዎቹ ሲለፈልፍ ዋለ፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ ማሞቂያው በርቷል፣ የመታጠቢያው መብራት በርቷል! ለማን ነው? ለአልጋው?»

ፕላመን ራሱ ግን ከልቡ ሳቀ። «ሌላ ማስታወቂያ ምን ያስፈልገኛል? ክላውድ ላይ ቢሆን ኖሮ ማን ተሸክሞት ይሄድ ነበር? የሰረቀው ሰው ውለታዬን ነው የዋለው።»

«የተማሪዎቹን መልስ አይተኸዋል?»

«የመጀመሪያውን ገፅ ብቻ፣ ኔቬና እዚያው ማኅበሩ ውስጥ አሳይታኝ። ‹በሽመና ፋብሪካ መሥራት ትፈልጋለህ ወይ?› ይላል። ወይ ጉድ! እምቢ፣ እምቢ፣ እምቢ። አንዱማ ‹አያቴ ትሥራ› ብሎ ጽፏል። ካፌ ውስጥ ለጓደኞቼ ሳወራው በሳቅ ነው የሞቱት።»

ዶብሪና ከሆቴሉ ስትወጣ «እሱ አይደለም» አለች።

«እንዴት አወቅሽ? ሰርቨሩ በመሰረቁ የሚጠቀመው እሱ ነው።»

«ሌባችን ማቀዝቀዣ አጥፍቶ የሚሄድ ሰው ነው። ይሄ ግን እንኳን የሰው መብራት የራሱንም አያጠፋም። የኛ ሰው ነው የሰረቀው፣ ፔንቾ። የጋብሮቮ ልጅ።»

አፏን ሞልታ ስትናገር ትንሽ የመኩራት ነገር ታየባት፤ ወዲያው አፈረችና ባኒትሳዋን አወጣች።

*

የሽመና ክፍሉ በሙያ ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ነው። ዶብሪና ስትገባ እትዬ ቶንካ ትልቁ የሽመና ዕቃ ላይ ተቀምጠው መወርወሪያውን እያመላለሱ ነበር። በዚህ ከተማ ክር ይዞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከሳቸው እጅ ነው ያለፈው። በየዓመቱ ማርች ሲገባ የከተማውን ማርቴኒትሳ የሚሠሩትም እሳቸውና ተማሪዎቻቸው ናቸው። ዘንድሮ ተማሪዎቹ እፍኝ አይሞሉም።

«አንቺ ዶብሪና! ከስተሻል፣ ማን አስከፋሽ?» አሉ። «ሻይ ልቅዳላችሁ። አንተ ልጅ፣ እዚያ አይደለም!»

ፔንቾ ከሽመና ዕቃው ሥር የተከመረው ምንጣፍ ላይ ሊቀመጥ ሲል ደንግጦ ቀና አለ።

«ትናንት የተሸመነ ነው፣ ይጨማደዳል። ወንበር አለልህ።»

ዶብሪና የቋጠሮውን ነገር ነገረቻቸው።

«የሸማኔ ቋጠሮ ከሆነማ የኛ ሰው ነዋ» አሉ እትዬ ቶንካ ሻዩን እየቀዱ። እጃቸው ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ አንጓቸው ላይ ያለው ክር ነጩ ወተት፣ ቀዩ ፍም ይመስላል። «ግን እዚህ አገር ያላስተማርኩት ማን አለ? ኔቬናን አስተምሬያለሁ። ሊቀመንበሩን አቶ ቦትዮን በወጣትነቱ አስተምሬዋለሁ፤ ሰነፍ ነበር። ያንቺንም እናት።»

«ትናንት ማምሻውን የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ለነገዎቹ እንግዶች ክፍሉን ሳሰናዳ አመሸሁ፤ ዘበኛው መብራቱን አይቷል። ማኅበሩ ግቢ ከገባሁማ ወር ሆኖኛል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጆቹ ምን ብለው መለሱ፣ ዶብሪና? ያ የሶፊያው ልጅ ካፌ ውስጥ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። ማንም እግሩን አያነሳም አሉ።»

«እኔ አላየሁትም፣ እትዬ።»

«ውጤቱ ከሌለ እኮ እንግዶቹ ለከርሞ ይሁን ብለው ይመለሱ ይሆናል። አንድ ዓመት ቀላል ነገር አይደለም» አሉና መወርወሪያቸውን አነሡ።

ዶብሪና ሻዩ የሊንደን አበባ እንደሆነ፣ ማርም እንዳለበት ልብ አለች። ሌላውን ልብ ማለት የነበረባትን ነገር ግን ሳታስተውል ወጣች።

*

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ቦትዮ ቢሯቸው ውስጥ ሲቀበሏት ሁለቱም አንጓቸው ባዶ ነበር። ፔንቾ ዓይኑን ፈጠጥ አድርጎ ዶብሪናን በክርኑ ነካት።

«ማርቴኒትሳዎ የታለ?» አለች።

«ተበጠሰ።»

«ትናንትስ የት ዋሉ?»

«ቤቴ። ጉንፋን ይዞኝ።»

«ባለቤትዎ ደግሞ ማለዳ ወጥተው ሲመሽ ተመለሱ አሉኝ።»

አቶ ቦትዮ ቀሉ። በየስብሰባው «የሀገራችሁን ልበሱ!» እያሉ ጠረጴዛ የሚደበድቡ፣ ፋብሪካቸው በር ላይ ይህንኑ በትልቁ ያስጻፉ ሰው ናቸው። ተነሥተው በሩን ዘጉ፤ መስኮቱንም ዘጉ።

«ለማንም አትነግሪም?»

«እንደ ሁኔታው ነው።»

«ኤዲርኔ ሄጄ ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «ለገበያ፣ በአውቶቡስ። የልጅ ልጄ ሠርግ ደርሷል፤ ለዘመዱ ሁሉ ሸሚዝ ስገዛ ... ርካሽ ነው፣ ዶብሪና! ምን ላድርግ?»

«ከቱርክ? ሸሚዝ? እርስዎ?»

«ክሩንም እዚያው ነው ያሰርኩት፣ ያበበ ለውዝ አይቼ።» ስልካቸውን አወጡ። ፎቶው ላይ አቶ ቦትዮ ከለውዙ ሥር ቆመው፣ በሁለት እጃቸው ቋጥኝ የሚያህል ፌስታል ይዘው፣ እንደ ልጅ ፈገግ ብለዋል። ከኋላቸው መስጊድ ይታያል።

ፔንቾ ሳቁን አፍኖ ለመያዝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ዶብሪና ግን ሰዓቷን አየች። ቀትር ካለፈ ቆይቷል፣ ተጠርጣሪዎቿም አልቀዋል። የኔቬና ፊት ዓይኗ ላይ መጣባት። ቃል ባልገባሁ ኖሮ ብላ ራሷን ረገመች።

*

ጣቢያ ተመልሳ በባኒትሳዋ ቅባት የወዛውን እጇን መታጠቢያው ላይ ስትታጠብ ውሃው ማርቴኒትሳዋን አራሰው። ተመለከተችው። ማርች ሲብት እንደ በረዶ የነበረው ነጭ ዛሬ የዕቃ እጣቢ መስሏል። ሳህን ታጥቦበታል፣ ሊጥ ተለውሶበታል፣ ሌባም ተይዞበታል። የጋሽ ኢልኮ ጠቁሯል። የኔቬና ተዥጎርጉሯል። የፔንቾ የሾርባ ቀለም ይዟል።

ቧንቧውን መዝጋት ረስታ ቆመች። ኋላ ግን ዘጋችው፤ የጋብሮቮ ልጅ ናት።

«ፔንቾ! ኔቬናን ጥራት። መኪናውንም አስነሣ።»

*

እትዬ ቶንካ አሁንም እዚያው ናቸው። ዶብሪና ኔቬናንና ፔንቾን በሩ ላይ ትታ ሄዳ ከጎናቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ ቶንካ፣ እስኪ እጅዎን ከእጄ አጠገብ ያድርጉት።»

አደረጉት። ሁለቱ ክሮች ጎን ለጎን ሆኑ፤ አንዱ የዕቃ እጣቢ፣ አንዱ ወተት። መወርወሪያው ቆመ።

«ሦስት ሳምንት ሱፍ ሲያጥቡ፣ ክር ሲነክሩ፣ ወለል ሲወለውሉ ከርመው ይሄ ክር እንዲህ ነጭ የሆነው እንዴት ነው?» አለች ዶብሪና በለሆሳስ። «ትናንት ማታ ነው ያሰሩት። የድሮው ፕሪሙ ላይ ነው።»

አሮጊቷ አዲሱን ክር በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ድንገት፣ ዶብሪና ካሰበችው ውጪ፣ ፈገግ አሉ። «ተረፈ ክር ቅርጫት ሙሉ ነበረኝ። ባዶ እጄን ባየው አላስችል አለኝ። ሞኝ!»

ተነሥተው ከሽመና ዕቃው ሥር ያለውን ምንጣፍ ገለጡት። ሰርቨሩ በሱፍ ብርድ ልብስ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ኔቬና ከበሩ ላይ ጮኸች። «እርስዎ ነዎት? እርስዎ!»

«ልጄ ...» እትዬ ቶንካ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «እንግዶቹ ያንን ‹አያቴ ትሥራ› የሚለውን ሲያዩ ይዘጉታል ብዬ ነው። ውጤቱ ከሌለ ለከርሞ ያሳድሩታል አልኩ። እንግዶቹ ሲሄዱ ልመልሰው ነበር እኮ!»

«ውጤቱ ከሌለ ነው የሚዘጉት!» አለች ኔቬና እያለቀሰች። «ደብዳቤያቸው ላይ በግልፅ ብለዋል። እርስዎ ደግሞ የሰሙት የመጀመሪያውን ገፅ ነው። እምቢ ያሉት ልጆች እነማን ናቸው? የሽመና ዕቃ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ! ሥራው ጭስና አቧራ ነው የሚመስላቸው። አንድ ቀን እንኳ እዚህ ክፍል ገብተው የሚያውቁት፣ እርስዎ ማርቴኒትሳ ሲያሠሯቸው መወርወሪያ ወርውረው የሚያውቁት ግን አንዳቸውም እምቢ አላሉም። አንዳቸውም! ጥናቴ በሙሉ ይህንኑ ነው የሚለው። በዚያ ሣጥን ውስጥ ያለው ምስክርዎ ነው፣ እትዬ ቶንካ፤ ተሸክመው የሄዱት ምስክርዎን ነው!»

እትዬ ቶንካ ሰርቨሩን አዩት። ቀስ ብለው አጠገቡ ተቀመጡና እንደ ልጅ አለቀሱ፤ ኔቬናም አቀፈቻቸው። ፔንቾ አፍንጫውን በኃይል ተናፈጠ። ዶብሪና ጣሪያውን እያየች ቆየች።

*

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የሚኒስቴሩ ሰዎች መጡ። ጋሽ ኢልኮ ሰርቨሩን ሌሊቱን እንደ በሽተኛ ሲያስታምሙት አድረው አንዲት መልስ ሳትጎድል አስነሥተውታል። ኔቬና ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ጀምራ ግማሹ ላይ አቆመችና «ቀሪውን በዓይናችሁ ብታዩት ይሻላል» ብላ ሁሉንም ወደ ምድር ቤቱ ወሰደቻቸው። ያ የዶብሪና ፍርድ ነበር፤ እትዬ ቶንካ በሕዝብ ፊት መናገር ከሞት ይልቅ ይፈራሉና ቅጣትዎ ይህ ነው ብላቸው ነበር። አሮጊቷም ሁለት ቃል ተንተባትበው ተናገሩ፣ ኋላ ንግግሩን ትተው ኮስታራውን የሚኒስቴር ሹም ከነክራቫቱ የሽመና ዕቃው ላይ አስቀመጡት። ሰውየው አንድ ስንዝር ሳይሸምን አልነሣም አለ። ክፍሉ እንዲቀጥል፣ በየትምህርት ቤቱ ላሉ ልጆችም እንዲከፈት እዚያው ቆሞ ተናገረ። ፕላመንም ቢሆን ባዶ እጁን አልተመለሰም፤ ፋብሪካዎቹ የጥለት ንድፋቸውን በጋራ ክላውድ ላይ ሊያደርጉ ተስማሙ፣ ጠባቂውም ጋሽ ኢልኮ እንዲሆኑ።

አቶ ቦትዮ የስርቆት ክሱን በተመለከተ ሲጠየቁ «የምን ስርቆት?» አሉ። ዶብሪና አዲሱን ሸሚዛቸውን ትክ ብላ ስታየው ኮታቸውን ቆለፉ። «እቃው ለጥገና ተወስዶ ነበር። እኔው ነኝ የፈቀድኩት።»

ሰዉ ሲበተን ዶብሪናና እትዬ ቶንካ ማኅበሩ ግቢ ውስጥ ከፕሪሙ ሥር ቆሙ። ዶብሪና የራሷን የተጎሳቆለ ክር ፈትታ ከሳቸው ክር ጎን አሰረችው፤ ቋጠሮው እንደ እብጠት ጎልቶ ወጣ።

«እጅሽ እንደ እናትሽ አይደለም» አሉ እትዬ ቶንካ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለምርመራው አይደለም፣ ለራሴ ነው። ያን ዕለት ሰርቨሩን ታቅፈው እዚህ ቆመው ምን ተመኙ? እንዳልያዝ ነው?»

«ኧረ አፈር ስሆን! በሌብነት እጅ ለራስ ይለመናል?» አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ፤ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። «በየዓመቱ የምመኘውን ነው የተመኘሁት፤ አፌ ለምዶታል። ‹የኔቬና ሥራ ይሳካላት› ነው ያልኩት።»

«ሥራዋን ብብትዎ ሥር ይዘው?»

«ብብቴ ሥር ይዤ።»

ዶብሪና ግንቡን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።